ከመዝገባችን ሳይደርሱ የሚቀሩት የሙት ልጆች
(በማኅበሩ የለጋሾችና የቤተሰቦች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



  

እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ የየቲሞች ጤና ነው። ስለ ክትባትም፣ ስለ ንጽሕናም፣ ስለ ምግብም እንናገራለን። አስቀድመን ግን አንድ ጥያቄ ማንሳት ወደድን። በማኅበሩ መዝገብ ላይ ስማቸው የሰፈረውን ልጆች እናውቃቸዋለን፤ ፎቶግራፋቸውን አይተናል፣ የትምህርት ውጤታቸውን ሰምተን ተደስተናል። ወደዚህ መዝገብ መምጣት ሲገባቸው ሳይደርሱ በመንገድ የቀሩትስ እነማን ናቸው?

ከቋንቋ እንጀምር፤ የመድረሳ ሰው ልማዱ ነውና ታገሡን። በዐረብኛ «የቲም» የሚባለው ለአካለ መጠን ሳይደርስ አባቱን ያጣ ልጅ ነው። እናቱን ያጣው «ዐጂይ»፣ ሁለቱንም ያጣው «ለጢም» ይባላል። የቋንቋው ሊቃውንት አንድ ነገር ይጨምራሉ፦ ከእንስሳት ወገን ግን የቲም የሚባለው እናቱን ያጣው ግልገል ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሰው ልጅ ቀለብ በአባቱ ላይ የተጣለ ግዴታ ሲሆን፣ ግልገል የሚኖረው ከእናቱ ጡት ነው። የማኅበሩ የምዝገባ ቅጽ የአባትን የሞት ማስረጃ የሚጠይቀውም ይህንኑ ሸሪዓዊ ትርጉም ተከትሎ ነውና ቅጹ አልተሳሳተም። ይሁን እንጂ አራስ ሕፃን በዚህ ረገድ ከግልገል ብዙ አይለይም። ቀለቡ በአባቱ ኪስ ሳይሆን በእናቱ ደረት ላይ ነው።

በአገራችን አባባል «እናቱ የሞተችበትና እናቱ ገበያ የሄደችበት እኩል ያለቅሳሉ» ይባላል። ልቅሶአቸው እኩል ሊሆን ይችላል። ዕድሜያቸው ግን እኩል እንዳልሆነ በአገራችን በቡታጅራ የተደረገ ጥናት አሳይቷል።

በቡታጅራና በአካባቢዋ፣ በዘጠኝ የገጠር ቀበሌዎችና በአንድ የከተማ ቀበሌ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ የኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ1986 ሰፊ የጤና ምዝገባ ጀመረ። (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መዝጋቢዎች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ከቀበሌው ወጣ ብለው ይጽፋሉ። ሥራው አሰልቺ ይመስላል። ሆኖም በአብዛኛው የገጠር አገራችን ክፍል የልደትና የሞት መዝገብ ባልነበረበት ዘመን ይህ ደብተር ትልቅ ሀብት ነበር። በ2015 የታተመ አንድ ጥናት ከ1987 እስከ 2011 የተመዘገበውን አገላብጦ፣ ከ5,119 እናቶች የተወለዱ 18,189 ሕፃናትን ተከታተለ። ከእነዚህ እናቶች መካከል 73ቱ ልጃቸው አንድ ዓመት ሳይሞላው ሞተዋል።

ከወለዱ በ42 ቀናት ውስጥ ከሞቱት እናቶች ከተወለዱት ሕፃናት መካከል ከመቶ 81ዱ እነርሱም ሞቱ። ከአምስት አራቱ መሆኑ ነው። እናቱ በእነዚያ 42 ቀናት ውስጥ የሞተችበት ሕፃን በአንድ ወር ውስጥ የመሞት አደጋው፣ እናቱ በሕይወት ካለችለት ሕፃን ጋር ሲነጻጸር 46 እጥፍ ሆኖ ተገኘ።

ወንድሞችና እህቶች፣ ከመዝገባችን ሳይደርሱ የቀሩት እነዚህ ናቸው። አንድ የቲም ወደ ቢሮአችን ሲመጣ ማን እጁን ይዞ እንደሚያመጣው አስተውላችሁ ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ እናቱ ናት። አባት ሲሞት እናት ልጁን አዝላ፣ የቀበሌውን ወረቀት ይዛ፣ ወረፋ ጠብቃ ታስመዘግባለች። እናት በወሊድ ስትሞት ግን ሕፃኑን የሚያዝለው ሰው ገና ከለቅሶ ሳይነሣ ሕፃኑም ይከተላታል። ፎቶግራፍ የለውም፤ ብዙ ጊዜም ስም እንኳ አልወጣለትም።

የአገራችንን ሁኔታ በአጭሩ እንመልከት። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት በ2000 ከ100,000 በሕይወት የሚወለዱ ሕፃናት አንጻር የሚሞቱት እናቶች 871 ሆነው ተገምተው ነበር፤ በ2016 ወደ 412 ወርዷል። አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱ ሕፃናትም ከ1,000 ከ166 ወደ 67 ወርደዋል። አልሐምዱሊላህ፣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች በ2000 ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2019 ከመቶ 48 ደርሰዋል። ይህም ማለት በዚያ ዓመት እንኳ ከግማሽ የሚበልጡት በቤታቸው ይወልዱ ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ በየለቅሶ ቤቱ የሚነገር አንድ ቃል አለ። በወሊድ የሞተች ሴት ሸሂድ ናት ይባላል። እውነት ነው፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ልጁን ወይም ሚስቱን ለቀበረ ሰው ከዚህ የሚበልጥ መጽናኛ የለም፤ እኛም ይህን ቃል ይዘን ለቅሶ ደርሰናል። ነገር ግን በዚያው ሐዲሥ ውስጥ በውሃ ሰጥሞ የሞተ፣ ሕንፃ የተናደበት፣ በእሳት የተቃጠለና በወረርሽኝ የሞተ ሰውም ሸሂድ ተብለው ተቆጥረዋል። ሰው ሲሰጥም እያየ ሸሂድ ይሁን ብሎ ከወንዙ ዳር የሚቀመጥ ሙስሊም አለን? ቤት ሲቃጠል ውሃ የማያቀብልስ? መጽናኛው ለሐዘንተኛው የተሰጠ ስጦታ እንጂ ለጎረቤቱ የተሰጠ ፈቃድ አይደለም። ሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ በዚያ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው በተመለሱ ጊዜ፣ ከአላህ ቀደር መሸሽ ነውን ተብለው ቢጠየቁ፣ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር መሄድ ነው የሚል መልስ መስጠታቸውን ሁላችን ተምረናል። ዐዋቂዎቻችን ከወረርሽኝ ጋር እንጂ ከወሊድ ጋር አያይዘው ሲያነሱት ብዙም አንሰማም። ቢያነሱት መልካም ነበር።

አራስ እናትን ከሚገድሉት ነገሮች አንዱ ደም መፍሰስ ነው፤ ሌላው ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ትኩሳት ነው። ትኩሳቱ የሚመጣው በእጅ፣ በጨርቅና በመሣሪያ አማካይነት ወደ ማሕፀን ከሚገባ ተሕዋስ ነው። ይህን ከማንም በፊት በቁጥር ካሳዩት አንዱ በቪየና ይሠራ የነበረው ሐኪም ኢግናዝ ሴመልቫይስ ነበር። በዚያ የማዋለጃ ክፍል ሐኪሞቹ ሬሳ ከመረመሩበት ክፍል በቀጥታ ወደ ምጥ ክፍል ይገቡ ነበር። በ1846 ከመቶ እናቶች 11 ያህል ይሞቱ ነበር። በ1847 ሐኪሞቹ እጃቸውን በክሎሪን ውሁድ እንዲታጠቡ አስገደደ፤ በ1848 የሞቱት ከመቶ ከሁለት ያነሱ ሆኑ። በዘመኑ ብዙዎቹ የሙያ ባልደረቦቹ አልተቀበሉትም። በቀን አምስት ጊዜ እጁን ለሚታጠብ ሕዝብ ይህ ወሬ እንግዳ አይደለም ትሉ ይሆናል። ይሁን እንጂ ዉዱእ ዒባዳ ነው፤ በንጹሕ ውሃ ይፈጸማል። ምጥ ላይ ያለችን ሴት ለመርዳት የሚዘረጋ እጅ ግን ሳሙናም ያስፈልገዋል። አንዱ የሌላውን ቦታ አይሸፍንም።

ጥናቱ ዛሬም አላቆመም። በ2023 የታተመ፣ ባንግላዴሽንና ፓኪስታንን ጨምሮ በሰባት አገሮች 29,278 ምጥ ላይ ያሉ ሴቶችን ያካተተ ጥናት፣ በምጥ ጊዜ አንድ ጊዜ የሚሰጥ አዚትሮማይሲን የተባለ መድኃኒት ከባድ ኢንፌክሽን የያዛቸውን ወይም የሞቱትን እናቶች ከመቶ 2.4 ወደ 1.6 መቀነሱን አሳይቷል። ለሕፃናቱ ያመጣው ልዩነት ግን አልታየም። ይህን የምንጠቅሰው ማንም ከሱቅ ገዝቶ እንዲሰጥ አይደለም፤ ሥራው የሐኪም ነው። የምንጠቅሰው ከጤና ተቋም የደረሰች እናት የምታገኘው ነገር ከዓመት ወደ ዓመት እየጨመረ መሆኑን ለማስገንዘብ ነው።

ቴታነስ፣ እኛ መንጋጋ ቆልፍ የምንለው፣ ሕፃኑን የሚይዘው ብዙውን ጊዜ እትብቱ ንጹሕ ባልሆነ ነገር ሲቆረጥ ወይም ንጹሕ ያልሆነ ነገር ሲቀባበት ነው። ደህና ይጠባ የነበረ ሕፃን በጥቂት ቀናት ውስጥ መጥባት ያቅተዋል፣ ሰውነቱ ይገተራል፣ ሲነካ ይንዘፈዘፋል። በ1988 በዓለም ላይ 787,000 ጨቅላ ሕፃናት በዚህ በሽታ እንደሞቱ ተገምቶ ነበር። በ2018 ግምቱ ወደ 25,000 ወርዷል። አገራችንም የእናቶችንና የጨቅላ ሕፃናትን ቴታነስ የማጥፋቱን ደረጃ መድረሷ በ2017 ተረጋግጦላታል። ይህ ደረጃ ግን የሚጠበቀው እናቶች መከተባቸውን እስከቀጠሉ ድረስ ብቻ ነው። የበሽታው ዘር በአፈር ውስጥ ይኖራልና እንደ ፈንጣጣ ጨርሶ የሚጠፋ አይደለም። እናት ስትከተብ መከላከያው በደሟ ወደ ፅንሱ ይተላለፋል፤ ሕፃኑ ከመወለዱ በፊት ጋሻውን ይዞ ይወጣል።

ክትባቱ ያመክናል የሚል ወሬ በየሰፈሩ ይሰማል። ለዚህ ረጅም ክርክር አያስፈልግም። በ2000 በሐጅ ወቅት የማጅራት ገትር በሽታ ከተከሠተ በኋላ፣ ከ2002 ጀምሮ የሳዑዲ መንግሥት አራቱን የበሽታውን ዓይነቶች የሚከላከለውን ክትባት ከሑጃጆች ሁሉ ይጠይቃል። ሐጅ የሄደ ሰው ሁሉ ክንዱን ሰጥቶ ተወግቷል፤ «ምን አለበት?» ብሎ የጠየቀ ብዙ አላየንም። ለራሳችን ዒባዳ የተቀበልነውን መርፌ ለነፍሰ ጡር ልጃችን ሲሆን የምንጠራጠረው ለምንድን ነው?

አሁን ወደ ወተቱ እንምጣ፤ የሕፃኑ ዕጣ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነውና። የመጀመሪያው ቢጫ ወተት፣ እንገር የምንለው፣ በብዙ ቤት ቆሻሻ ነው ተብሎ ይደፋል፤ በፋንታው ለሕፃኑ ቅቤ ያቀምሱታል። እንገር ከእናት ሰውነት የሚመጣ በሽታ መከላከያ የሞላበት ነው፤ ከተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊጠባው ይገባል። የሱናውን ተሕኒክ የሚፈጽም ሰውም እጁን በሳሙና ታጥቦ፣ ቴምሩን አልሞ፣ ላንቃውን በጥቂቱ ይዳስስለት። ተሕኒክ የጡትን ቦታ አይወስድም።

እናቱ የሞተችበት ሕፃን ግን ማን ያጠባዋል? በየቤቱ የሚደረገው ጡጦ መግዛት ነው። ወተቱ በወንዝ ወይም በኩሬ ውሃ ይቀጥናል፣ ጡጦው በአግባቡ አይፈላም፣ ዱቄቱ ውድ ስለሆነ እንዲበረክት ይሳሳል። ሕፃኑ በአንድ በኩል ይራባል፣ በሌላ በኩል ተቅማጥ ይይዘዋል። የዓለም የጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2003 ባወጡት መመሪያ የእናት ጡት ለማይገኝለት ሕፃን ከተቀመጡት አማራጮች አንዱ ጤናማ የሆነች ሌላ ሴት ታጥባው የሚለው ነው። ወተት የሚሰጠው ከሆነም ከጡጦ ይልቅ በንጹሕ ኩባያ መስጠት ይሻላል ይላል፤ ኩባያ ለማጠብ ይቀላልና።

ጡት ማጥባት በሌላ ሴት! ለእኛ ይህ አዲስ ነገር ነውን? ነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) ያጠቧቸው የበኑ ሰዕድ ሴት ሐሊማ አይደሉምን? የጥቢ እናት ሕግ በፊቅህ መጻሕፍት ሙሉ ምዕራፍ ያለው ነገር ነው። ልማዱ በመካከላችን የደከመው ለምን እንደሆነ ለየብቻችን ብናስበው ጥሩ ነው። ሁለት ነገሮችን ግን ሳናሟላ ልናስነሣው አይገባም። አንደኛው፣ ኤች.አይ.ቪ. በጡት ወተት ስለሚተላለፍ የምታጠባው ሴት አስቀድማ ትመርመር፤ ይህ እርሷን መጠርጠር ሳይሆን ሁለቱንም መጠበቅ ነው። ሁለተኛው፣ ጥቢ ዝምድናን ይፈጥራል፤ በሻፊዒያ መዝሀብ አምስት ጊዜ ጠግቦ ከጠባ የጡት ልጅ ይሆናል፤ በሐነፊያ ደግሞ ጥቂቱም ይበቃል። ስለዚህ ማን ማንን እንዳጠባች በጽሑፍ ካልተያዘ ከሃያ ዓመት በኋላ ወንድም እህቱን ሊያገባ ይችላል። የቡታጅራ መዝጋቢዎች ልደትና ሞትን በደብተር እንደያዙ፣ እኛም ጥቢን የምንይዝበት ደብተር ያስፈልገናል።

ተቅማጥ ሲይዘው ሕፃኑን የሚገድለው ከሰውነቱ የሚወጣው ውሃና ጨው ነው። በ1971 የባንግላዴሽ ጦርነት ስደተኞች በሕንድ ድንበር ቦንጋዎን ላይ በኮሌራ ሲረግፉ፣ ዲሊፕ ማሐላናቢስ የተባለው ሐኪም በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሊያልቅበት ሲል ጨውና ስኳር በውሃ በጥብጦ ቤተሰቦቻቸው እንዲያጠጧቸው አደረገ። ከመቶ 30 ገደማ የነበረው ሞት ከመቶ 4 በታች ወረደ። በኋላም በ1980ዎቹ ብራክ የተባለው የባንግላዴሽ ድርጅት ሴት ሠራተኞችን ከቤት ወደ ቤት ልኮ ከ12 ሚሊዮን በላይ ለሆኑ ቤተሰቦች ይህን ውሁድ አስተማረ። የሠራተኞቹ ክፍያ የሚወሰነው እናቲቱ ከተማረችው ምን ያህሉን እንዳስታወሰች ተጠይቃ ነበር። ይህን አሠራር እንደ መምህር እጅግ ወደድነው። ዛሬ በየጤና ኬላው የሚገኘው የኦ.አር.ኤስ. ከረጢት ይኸው ነው፤ በላዩ በተጻፈው የውሃ መጠን ይበጠበጣል፤ ከእርሱ ጋር የዚንክ እንክብል ይሰጣል።

የቲም ለምታሳድጉ ቤተሰቦች አንድ ነገር እናስታውስ። የቲም ከአያት ወደ አክስት፣ ከአክስት ወደ አጎት ይዛወራል፤ በመዛወሩ ውስጥ ከሁሉ ቀድሞ የሚጠፋው የክትባት ካርዱ ነው። የኩፍኝ ክትባት በዘጠኝ ወርና በአሥራ አምስት ወር ይሰጣል። ኩፍኝን ንቀን የምንተወው ሽፍታው ስለሚጠፋ ይሆናል። በኔዘርላንድስ ባልተከተቡ 77 ሕፃናት ላይ የተደረገና በ2019 የታተመ ጥናት ግን ኩፍኝ ሕፃኑ በሌሎች በሽታዎች ላይ ቀድሞ ያካበተውን መከላከያ ከመቶ 11 እስከ 73 ያህሉን እንደሚያጠፋበት አሳይቷል። ካርዱ ከሌለ ወደ ጤና ጣቢያ ይዛችሁት ሂዱ፤ በእጃችሁ ካለም ከልጁ ጋር ይጓዝ።

እናትን ከሞት ስለመጠበቅ አንድ ምሳሌ እንጨምር። በጉራጌ የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል የካቶሊክ ሚሲዮን የመሠረተው ነው። በግቢው ውስጥ አስጊ እርግዝና ያላቸው ሴቶች ከመውለጃቸው ሳምንታት ቀድመው መጥተው የሚቀመጡበት ማቆያ ቤት አለ። ከ1987 እስከ 2008 በሆስፒታሉ የወለዱ 24,148 እናቶች መዝገብ ሲመረመር፣ በማቆያው ከቆዩት 6,805 መካከል የሞቱት ከ100,000 ወደ 90 ገደማ ሲሆኑ፣ በቀጥታ ከመጡት መካከል ግን 1,333 ነበሩ። ልዩነቱ ሁሉ በማቆያው ብቻ የመጣ ነው አንልም። በቀጥታ ከሚመጡት ብዙዎቹ ምጡ ከበረታና ነገር ከተበላሸ በኋላ የሚደርሱ ናቸውና። ነገሩ ግን ራሱ ይህ ነው፤ የሚገድለው መንገዱና መዘግየቱ ነው። ዛሬ በብዙ ጤና ጣቢያዎች እንዲህ ያለ ማቆያ አለ። ሴቲቱን የሚያስቀራት ብዙ ጊዜ ስንቅና ቤት ጠባቂ ማጣት ነው።

እንግዲህ ከገንዘቡ ጉዳይ ደረስን። የቲም ብላችሁ የሰጣችሁት ገንዘብ የየቲም ነው፤ አማና ነው። የሱረቱ ኒሳእ ማስጠንቀቂያ በልባችን ስላለ፣ ከዚያ ሣጥን አንዲት ብር ወደ እናቶች እንድትዛወር አንጠይቅም፤ ማንም ቢጠይቅ ልትፈቅዱ አይገባም። የምንጠይቀው ለብቻው የሆነ ሁለተኛ ሣጥን ነው፤ የራሱ ደረሰኝ፣ የራሱ ሒሳብ ያለው። ነፍሰ ጡሯ ደሃ ከሆነች ዘካም ይደርሳታል፤ ሰደቃው ደግሞ ለሁሉም ክፍት ነው። ከዚህ ሣጥን የሚከፈለው በማቆያ ለምትቆይ እናት የሚሆን እህል፣ ምጥ ሲመጣ የትራንስፖርት ኪራይ፣ እርሷ ስትሄድ ቤትና ልጆች ለሚጠብቅ ሰው አበል፣ የምታጠባ ሴት ምርመራና ተጨማሪ ቀለብ፣ ሳሙናና ኩባያ ነው። የቀበሌውን ነፍሰ ጡሮች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲዞሩ ያውቋቸዋልና፣ እኛ አዲስ ዝርዝር ማዘጋጀት አይጠበቅብንም፤ ከእነርሱ ጋር መነጋገር ነው። የጥቢውን ደብተር ግን መያዝ ያለብን እኛው ነን።

ከዚህ ስትወጡ በበሩ ላይ ሁለት ጠረጴዛ ታያላችሁ። በቀኝ በኩል ያለው የተለመደው የየቲሞች መዝገብ ነው። በግራ ባለው ላይ አዲስ ደብተር አለ፤ ገጹ ባዶ ነው። በዚያ ላይ ገንዘብ ብቻ አይመዘገብም፤ በቀበሌያችሁ ለመውለድ የተቃረበችና ስንቅ የሌላት ሴት ካለች ባለቤቷ ወይም እናቷ ፈቅደው ስሟን አስጽፉልን። ጡት የምታጠባና የሌላ ሕፃን ለማጥባት ፈቃደኛ የሆነች እህትም ካለች ከሴቶች ክፍል ኃላፊዎች ጋር ትነጋገር።